ድካም መስሎ የመጣው የአድሬናል ዕጢ ሕመም

ይህን የምጽፈው ምክንያቱ ያልታወቀ ድካምና ክሳት ይዟቸው ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ለሚመላለሱ ሰዎች፣ እንዲሁም የአንድ ሆርሞን የምርመራ ውጤት ታይቶ «ችግሩ ተገኘ» ከተባሉ በኋላ መድኃኒቱን ጀምረው እየባሰባቸው ለሄደ ሰዎች ነው። እኔ ያለፍኩበት ሕመም የአዲሰን በሽታ ይባላል፤ ከኩላሊቶቻችን አናት ላይ የተቀመጡት ሁለቱ አድሬናል ዕጢዎች መሥራት ሲሳናቸው የሚመጣ ነው። በብዙ ሰው ላይ የሚታይ በሽታ አይደለም። ሳይታወቅ ከቆየ ግን ይገድላል፤ ከታወቀ ደግሞ በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን ሠርቶ፣ ወልዶና ከብዶ መኖር ይቻላል። ስለ ዕጢዎች አሠራር ቀድሜ ትንሽ ባውቅ ኖሮ ለሐኪሞቼ የምነግራቸው ነገር የተሻለ ይሆን ነበር ብዬ ስለማምን፣ ከታሪኩ ጎን ለጎን አሠራሩንም ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ሲጀምር ሕመም አይመስልም ነበር። ሌሊቱን በደንብ ተኝቼ አድሬ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ስቀመጥ የጫማዬን ማሰሪያ ለመቋጠር እንኳ አቅም አጣለሁ። ከተቀመጥኩበት ብድግ ስል ዓይኔ ይጨልማል፤ ግድግዳ ይዤ ጥቂት ካልቆምኩ አንድ እርምጃ መራመድ አልችልም። የምግብ ፍላጎቴ ጠፋ፣ ልብሶቼ ሰፉኝ፣ ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሸኛል። በዚህ ሁሉ መካከል የሚያምረኝ ነገር ጨው ብቻ ነበር፤ ምግቡን ትቼ ጨዉን በጣቴ እየቆነጠርኩ እልስ ነበር። እያንዳንዱ ምልክት ለብቻው ሲታይ የየራሱ ማብራሪያ አላጣም፤ ድካሙ የሥራ ብዛት፣ ክሳቱ ጭንቀት፣ ማቅለሽለሹ ጨጓራ፣ ማዞሩ ደም ማነስ ተባለ። ለጨጓራውም ለደም ማነሱም መድኃኒት ተሰጠኝ፤ ለውጥ ግን አልመጣም።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ምክር ላንሣ። ወደ ሐኪም ስትሄዱ ምልክቶቻችሁን ሁሉ፣ የማይገናኙ የሚመስሏችሁን ጭምር፣ ከመቼ ጀምሮ እንደታዩ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሂዱ። የዕጢዎች ሕመም ዋና ጠባዩ መበታተን ነው። ሆርሞን በደም ተጭኖ መላ ሰውነትን ስለሚያዳርስ፣ ሲጎድልም ጉድለቱ በአንድ ጊዜ በሆድ፣ በቆዳ፣ በአእምሮና በልብ ላይ ይታያል፤ ታማሚው ግን ሆዱን ለአንዱ፣ ማዞሩን ለሌላው ሐኪም ይናገራል። ጨው እንደሚያምረኝ ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም በሽታ ነው ብዬ አላሰብኩም። ከሁሉም ምልክቶች ይልቅ ወደ እውነተኛው ምክንያት የሚያመለክተው ግን እርሱ ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት አድሬናል ዕጢዎች ምን እንደሚሠሩ ማወቅ ያስፈልጋል። እያንዳንዳቸው ከ4 እስከ 5 ግራም ገደማ ብቻ የሚመዝኑ ሲሆኑ፣ ውጨኛውና ውስጠኛው ክፍላቸው ፈጽሞ የተለያየ ሥራ አላቸው። ውስጠኛው ክፍል አድሬናሊን ያመነጫል፤ ስንደነግጥ ልባችን በፍጥነት እንዲመታ የሚያደርገው እርሱ ነው። በእኔ ላይ የጠፋው ውጨኛው ክፍል ነበር። ይህ ክፍል ከሚሠራቸው ሆርሞኖች አንዱ አልዶስትሮን ሲሆን፣ ሥራው ኩላሊት የጨው ዋና ክፍል የሆነውን ሶዲየምን ከሽንት መልሶ እንዲያስቀርና ፖታሲየምን እንዲያስወጣ ማዘዝ ነው። አልዶስትሮን ሲጎድል ሶዲየም በሽንት ይፈስሳል፣ ውኃም ተከትሎት ይወጣል፣ የደም መጠን ይቀንሳል፣ ግፊት ይወርዳል። ሰውነቴ ጨው አምጣ እያለ የሚወተውተኝ የሚፈስሰውን ለመተካት ነበር።

ሁለተኛው ሆርሞን ኮርቲሶል ነው። ብዙ ሰው ስሙን የሚያውቀው «የጭንቀት ሆርሞን» በሚል ስለሆነ ባይኖር የሚሻል ይመስለዋል፤ ያለ ኮርቲሶል ግን መኖር አይቻልም። ሳንበላ በምንቆይባቸው ሰዓታት ጉበት ስኳር ሠርቶ ወደ ደም እንዲልክ ያግዛል፣ የደም ሥሮች ለአድሬናሊን ምላሽ ሰጥተው ግፊቱን እንዲጠብቁ ያደርጋል፣ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ከልክ አልፎ ራሱን እንዳይጎዳ ይገታል። በጤናማ ሰው ላይ መጠኑ ቀኑን ሙሉ እኩል አይደለም፤ ከንጋት በፊት መጨመር ይጀምርና በምንነቃበት ሰዓት ገደማ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል፣ ከዚያም እየቀነሰ ሄዶ እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅተኛው ላይ ይወርዳል። ጠዋት ጠዋት ይብስብኝ የነበረው ሰውነቴ ኮርቲሶልን አብዝቶ በሚሻበት ሰዓት የሚመነጭ ነገር ስላልነበረ ነው። ሕመሙ ለምን ቀስ ብሎ እንደመጣም በኋላ ተረዳሁ፤ ምልክቶቹ ጎልተው የሚታዩት አብዛኛውን ጊዜ ከዕጢዎቹ ውጨኛ ክፍል 90 በመቶ ያህሉ ከጠፋ በኋላ ነው። የቀረችው ጥቂት ክፍል የተለመደውን ቀን ታሻግራለች፤ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ሲመጣ ግን አትበቃም።

ከዚህ በኋላ የመጣው የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ነው። ድካሙ ስላልቀረ ቲኤስኤች የሚባለው ሆርሞን ተለካና ከመደበኛው መጠን በጥቂቱ ከፍ ብሎ ተገኘ። የእንቅርት ዕጢ በራሱ ፈቃድ አይሠራም፤ አንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ከሥሩ ያለችውን ፒቱታሪ ዕጢ ያዛል፣ ፒቱታሪ ቲኤስኤችን ትልካለች፣ የእንቅርት ዕጢም በዚያ ትእዛዝ ታይሮክሲን ያመነጫል። ታይሮክሲን በደም ውስጥ ሲበቃ ፒቱታሪ ትእዛዙን ትቀንሳለች፤ ሲያንስ ደግሞ የቤቱ በር እንዳልተከፈተለት እንግዳ አጥብቃ ታንኳኳለች። ስለዚህ ከፍ ያለ ቲኤስኤች ሲታይ የእንቅርት ዕጢ ሰንፏል ማለት በአብዛኛው ትክክለኛ ድምዳሜ ነው፤ በእኔም ላይ የተደረሰው ይኸው ነበር። ታይሮክሲንን የሚተካው ሌቮታይሮክሲን የተባለ መድኃኒት ታዘዘልኝ።

መድኃኒቱን ከጀመርኩ በኋላ ይሻለኛል ብዬ ስጠብቅ ባሰብኝ። ክሳቱ ጨመረ፣ ልቤ ያለ ምክንያት ይመታል፣ ማቅለሽለሹ ማስታወክ ሆነ። «መድኃኒቱን ሰውነትሽ እስኪለምደው ነው» ብለው የሚያጽናኑኝ ነበሩ፤ በቅን ልብ ነው ያሉት፣ እኔም ተቀበልኩት። በውስጤ ግን ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ እየተካሄዱ ነበር። አንደኛው፣ ኮርቲሶል በተለመደው መጠኑ ሲኖር ቲኤስኤችን በጥቂቱ ይገታል፤ ኮርቲሶል ሲጠፋ ያ መገቻ ይነሣና የእንቅርት ዕጢ ሳይታመም ቲኤስኤች ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ የታየው ቁጥር የእንቅርት ዕጢ ሕመም ሳይሆን የአድሬናል ዕጢ ጥላ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ አደገኛው ነው፤ ታይሮክሲን የሰውነትን ሥራ ያፋጥናል፣ ጉበት ኮርቲሶልን ሰባብሮ የሚያስወግድበትንም ፍጥነት ይጨምራል። ኮርቲሶል በበቂ የሚመነጭለት ሰው ይህን አይሰማውም፤ የሌለው ሰው ግን የቀረችውን ጥቂቷንም ያጣል።

ይህን አንብቦ የእንቅርት መድኃኒቱን የሚያቆም ሰው እንዳይኖር አደራ እላለሁ። ቲኤስኤች ከፍ ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች በእርግጥ የእንቅርት ዕጢያቸው የደከመ ነው፤ መድኃኒቱም ይጠቅማቸዋል። እኔ የምለው ይህ ነው፤ ሌቮታይሮክሲን ጀምራችሁ መሻል ሲገባችሁ ብትከሱ፣ ስትቆሙ የሚያዞራችሁ ቢሆን፣ ብታስታውኩ፣ በዚያው ሳምንት ተመልሳችሁ «ኮርቲሶሌ ተለክቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በእኔ እምነት ሁሉንም ምልክቶች በአንድነት ላየ ሐኪም ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም፤ ነገር ግን በተጨናነቀ የምርመራ ክፍል ውስጥ ጥያቄው ከታማሚው አፍ ሲወጣ ነገሩን ያፋጥነዋል።

የመጨረሻው ነገር የመጣው በቀላል የሆድ ሕመም ነበር። ሌላ ሰው ተኝቶ የሚያልፈው ዓይነት ተቅማጥ ያዘኝ፤ በማግስቱ ከአልጋ መነሣት አቃተኝ፣ ሆዴን አጥብቆ ቆረጠኝ፣ የምናገረው ነገር መያያዝ አቆመ። ታላቅ እህቴ ደግፋ ድንገተኛ ክፍል አደረሰችኝ። ግፊቴ በጣም ወርዶ ነበር፤ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ እየገባም አልነሣ አለ። የሆድ ቁርጠቱን አይተው ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋት ይሆን ብለው የተነጋገሩም ነበሩ።

ከዚያ አንዲት የሌሊት ተረኛ ሐኪም መጥታ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «እባክዎ እጅዎን ይዘርጉልኝ» አለችኝና ጣቶቼን ወደ ኋላ ለጥጣ የመዳፌን መስመሮች በእጅ ባትሪ አየቻቸው። መዳፌ ገርጥቶ ሳለ መስመሮቹ ብቻ ጠቁረዋል። የጣቶቼን አንጓዎች አየች፤ እነርሱም ጠቁረዋል። ከንፈሬን ገለጥ አድርጋ ድዴን ስትመለከት በጥርሶቼ ሥር ከዚህ በፊት ያልነበሩ ጥቋቁር ነጠብጣቦች አሉ። ወደ እህቴ ዞር ብላ «ይህ ጥቁረት መቼ ጀመረ?» ስትል እህቴ «ፀሐይ የመታት መስሎን ነበር» ብላ መለሰች። ሐኪሟ ቀጥላ የጠየቀችኝ ጨው ያምረኝ እንደሆነ ነው። አዎን ስላት ለነርሷ ደም እንድትቀዳ ነግራ፣ ውጤቱን ሳትጠብቅ ኮርቲሶልን የሚተካውን መድኃኒት፣ 100 ሚሊ ግራም ሃይድሮኮርቲሶን፣ በደም ሥር እንዲሰጠኝ አዘዘች። ሕይወቴን ያተረፈው ያ ውሳኔ ነው። እንዲህ ባለ ቀውስ ውስጥ የኮርቲሶል ውጤት እስኪመጣ መጠበቅ ሊገድል ይችላል፤ ደሙ አስቀድሞ ከተቀዳ ምርመራው አይበላሽም፣ ሕክምናውም አይዘገይም።

ሰዓታት ሳያልፉ ግፊቴ ተነሣ። በማግስቱ ራብ ተሰማኝ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ የተሰማኝ የመጀመሪያው እውነተኛ ራብ ስለነበር አለቀስኩ።

የቆዳው መጥቆር ነገር ብዙ ጊዜ ስለሚታለፍ ጥቂት ልቆይበት። ፒቱታሪ አድሬናል ዕጢዎችን የምታዝበት ሆርሞን ኤሲቲኤች ይባላል። ኮርቲሶል ሲጠፋ ፒቱታሪ ኤሲቲኤችን አብዝታ ታመርታለች። ኤሲቲኤች የሚሠራው ከአንድ ትልቅ ፕሮቲን ተቆርጦ ነው፤ ከዚያው ፕሮቲን የቆዳን ቀለም የሚያጠቁር ሆርሞንም ይገኛል፣ ኤሲቲኤች ራሱም ሲበዛ ቀለም ሠሪ ሴሎችን ያነቃቃል። ለዚህም ነው የአንጎል ትእዛዝ ቆዳ ላይ የሚነበበው። መልኩ ጠቆር ያለ ሰው ላይ የፊት መጥቆር በቀላሉ አይለይም፤ ስለዚህ መታየት ያለባቸው የመዳፍ መስመሮች፣ የጣት አንጓዎች፣ ክርንና ጉልበት፣ ድድና የጉንጭ ውስጥ፣ እንዲሁም በቅርቡ የዳኑ ጠባሳዎች ናቸው። ከዓመት በፊት የተነሣችሁትን ፎቶግራፍ አውጥታችሁ ከአሁኑ መልካችሁ ጋር ማመሳከርም ይረዳል። በአንጻሩ ችግሩ ከፒቱታሪ ከራሷ ከሆነ ኤሲቲኤች ስለሚያንስ ቆዳ አይጠቁርም፤ አልዶስትሮንን በዋናነት የሚያዘው ከኩላሊት የሚነሣው ሬኒን የተባለ መልእክት ስለሆነም ጨው በዚያን ያህል አይጎድልም። ቆዳዬ አልጠቆረም ብሎ ብቻ ከአድሬናል ሕመም ነጻ ነኝ ማለት አይቻልም።

ምርመራው ራሱ ስለዚህ አሠራር ብዙ አስተምሮኛል። በመጀመሪያው ደም ሶዲየም አንሶ፣ ፖታሲየም በዝቶ፣ ስኳር ወርዶ ተገኘ፤ ኮርቲሶል በጣም አንሶ ኤሲቲኤች ግን እጅግ ከፍ ብሎ ነበር። አንድ ሆርሞን ብቻውን ሲለካ የሚናገረው ግማሽ ነገር ነው፤ ታዛዡና አዛዡ ጎን ለጎን ሲታዩ ግን ጉድለቱ ከየትኛው እንደሆነ ይለያል። ታዛዡ አንሶ አዛዡ ከበዛ ሕመሙ ያለው ታዛዡ ዕጢ ላይ ነው፤ ሁለቱም ካነሱ ወደ ላይ፣ ወደ አንጎል መመልከት ያስፈልጋል። ይህ ለእንቅርት፣ ለወንድ ዘር ፍሬና ለሴት እንቁላል አመንጪ ዕጢ ሆርሞኖችም ይሠራል። ቀውስ ላይ ያልወደቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ በሚቀዳ የኮርቲሶል ምርመራ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የተቀዳ ደም በጤናማ ሰውም ላይ ዝቅ ስለሚል ያሳስታል። ውጤቱ አጠራጣሪ ከሆነ 250 ማይክሮ ግራም ሰው ሠራሽ ኤሲቲኤች በመርፌ ይሰጥና ከ30 እና ከ60 ደቂቃ በኋላ ኮርቲሶል ይለካል። ጤናማ ዕጢ ትእዛዙን ሰምቶ ኮርቲሶሉን ከፍ ያደርጋል፤ በኋላ በእኔ ላይ ሲሠራ ግን ኮርቲሶሌ ንቅንቅ አላለም።

ወደ ምርመራ ከመሄዳችሁ በፊት የምትወስዱትን ሁሉ ተናገሩ። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ የቲኤስኤችና የሌሎች ሆርሞኖችን ልኬት ሊያዛባ ይችላል። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ደግሞ ኮርቲሶልን በደም ውስጥ የሚሸከመውን ፕሮቲን ስለሚያበዛ፣ ጉድለት ያለባት ሴት ውጤቷ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል።

የእኔን ዕጢዎች ያጠፋቸው የገዛ ሰውነቴ የመከላከያ ሥርዓት ነበር። ቶማስ አዲሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1855 ይህን በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ በዝርዝር ሲጽፍ ከሕሙማኑ የበርካቶቹን ዕጢዎች የጎዳው የሳንባ ነቀርሳ ነበር፤ ዛሬም ቲቢ በተስፋፋበት ሁሉ ይህ ምክንያት ቀድሞ ሊታሰብ ይገባል። በአዲሰን ዘመንና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ በሽታው ከታወቀ ተስፋ አልነበረም። ኬንዳል፣ ራይሽታይንና ሄንች የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1950 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት የአድሬናልን ሆርሞኖች ለይተው ባጠኑበትና የኮርቲሶል የቅርብ ዘመድ የሆነውን ኮርቲሶንን ለሕክምና ባበቁበት ሥራ ነው። ጠዋት ክኒኔን ስውጥ እነዚህን ሰዎች አስባለሁ፤ ከእነርሱ በፊት ብወለድ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ኮርቲሶሌ ከተተካ በኋላ የእንቅርቱ ጉዳይ እንደገና ታየ። ቲኤስኤች በራሱ ጊዜ ወደ መደበኛው ተመለሰና ሐኪሜ ሌቮታይሮክሲኑን አቆመችልኝ። ይሁን እንጂ አድሬናልን ያጠቃ የመከላከያ ሥርዓት የእንቅርት ዕጢንና ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሴሎችም የማጥቃት ዝንባሌ ስላለው፣ በየዓመቱ ቲኤስኤችና የደም ስኳር እመረመራለሁ። እውነተኛ የእንቅርት ድካም ቢመጣም ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፤ ኮርቲሶል ይቀድማል፣ ታይሮክሲን ይከተላል።

የዕለት ሕክምናዬ ሃይድሮኮርቲሶንና አልዶስትሮንን የሚተካው ፍሉድሮኮርቲሶን ነው። የአዋቂ ሰው የሃይድሮኮርቲሶን መጠን አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ15 እስከ 25 ሚሊ ግራም ሲሆን በሁለት ወይም በሦስት ተከፍሎ ይወሰዳል፤ ትልቁ ድርሻ ከእንቅልፍ እንደተነሡ፣ የመጨረሻው ደግሞ ከሰዓት በኋላ እንጂ ወደ መኝታ ሰዓት አይደለም። ክኒኑን አልጋዬ አጠገብ ከውኃ ጋር አስቀምጬ ከመነሣቴ በፊት እወስደዋለሁ፤ ይህ ብቻ ጠዋቴን ለውጦታል። አንድ ቀን ቢዘለል ምን ይሆናል ለሚል ሰው መልሱ ከሆርሞኑ ዕድሜ ጋር የተያያዘ ነው። ታይሮክሲን በደም ውስጥ ወደ ግማሹ ለመቀነስ አንድ ሳምንት ያህል ስለሚፈጅበት አንድ ቀን የረሳ ሰው ብዙም አይጎዳም። ሃይድሮኮርቲሶን ግን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ግማሹ ይወርዳል፤ ስለዚህ አይዘለልም፣ ከቤት ስወጣም ትርፍ ክኒን ከእኔ አይለይም። በሌላ በኩል «ትንሽ ብጨምር ብርታት ይሰጠኛል» ማለትም ያስከፍላል፤ ከሚያስፈልገው በላይ ለዓመታት የሚወሰድ ኮርቲሶል አጥንትን ያሳሳል፣ ስኳርንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ክብደት ይጨምራል።

ከሁሉ በላይ ልትይዙልኝ የምፈልገው የሕመም ቀን ደንብ ነው። ጤናማ ሰው ሲያተኩሰው አድሬናሎቹ ሳይጠየቁ ምርታቸውን ያሳድጋሉ፤ የእኛ ግን የሚያሳድገው እጃችን ነው። ትኩሳት ወይም አልጋ ላይ የሚጥል ሕመም ሲመጣ የሃይድሮኮርቲሶኑ መጠን ሕመሙ እስኪያልፍ በእጥፍ ወይም በሦስት እጥፍ ይጨመራል፤ ትክክለኛውን ልክ ገና ጤነኛ ሳላችሁ ሐኪማችሁ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። የሚያስታውክ ሰው ግን ክኒኑ ሆዱ ውስጥ አይቆይለትም። ክኒን ከዋጣችሁ በኋላ ካስመለሳችሁ፣ ደግማችሁ ወስዳችሁም ካልቆየ፣ የሚያስፈልገው መርፌ ነው፤ 100 ሚሊ ግራም ሃይድሮኮርቲሶን በጡንቻ፣ ከዚያም በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል። እህቴ መርፌውን መስጠት ተምራለች፤ በመጀመሪያ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አሁን ግን በጭኔ ላይ ያለውን ቦታ ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች። አብሯችሁ የሚኖር አንድ ሰው ይማር፤ ቀውስ ውስጥ ያለ ሰው ሐሳቡ ስለሚደበዝዝ ራሱን መርዳት ሊሳነው ይችላል። ቦርሳዬ ውስጥ «የአድሬናል ጉድለት አለብኝ፤ በአስቸኳይ ሃይድሮኮርቲሶን ያስፈልገኛል» የሚል ካርድ አለ።

ይህ ጉዳይ እንደኔ ዕጢያቸው ለጠፋ ሰዎች ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም ወይም ለቆዳ ብለው ፕሬድኒሶሎንን የመሰሉ፣ እንደ ኮርቲሶል የሚሠሩ ስቴሮይዶች ከጥቂት ሳምንታት በላይ የሚወስዱ ሰዎች፣ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባቶችን በሰፊው የሰውነት ክፍል ላይ ለረጅም ጊዜ የሚቀቡ ሰዎች ጭምር፣ ፒቱታሪያቸው ኮርቲሶል በቅቷል ብላ ትእዛዟን ታቆማለች፣ አድሬናሎቻቸውም ሥራ ፈትተው ይኮሰምናሉ። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ እኔን የገጠመኝ ቀውስ ሊገጥማቸው ይችላል። እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚቋረጠው በሐኪም መመሪያ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው፤ ዕጢዎቹ እስኪነቁ ወራት ሊወስድ ይችላል። ደህና ሆኛለሁ ብላችሁ በራሳችሁ አታቁሙ።

ሌላው የሚያሳዝነኝ «የአድሬናል ድካም» በሚል ስም የሚሸጡት ማሟያዎች ናቸው። በሥራና በኑሮ ጫና አድሬናል ይደክማል የሚለው አባባል ሳይንሳዊ ማረጋገጫ የለውም፤ ማሟያዎቹ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ በሽፋናቸው ላይ ያልተጻፈ ስቴሮይድ ሊይዙ ይችላሉ፤ ይህም እውነተኛውን በሽታ ይሸፍናል። የደከመው ሰው ድካሙ እውነት ነው፤ የሚገባው ግን ትክክለኛ የደም ምርመራ ነው።

ለአዲስ ታማሚዎች ሁለት ነገር ልጨምር። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲንና እንደ ፌኒቶይን ያሉ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ጉበት ሃይድሮኮርቲሶንን ቶሎ እንዲያስወግድ ስለሚያደርጉ፣ እነርሱ ሲጀመሩ የሃይድሮኮርቲሶኑ መጠን እንደገና መታየት አለበት። ሪፋምፒሲን ተጀምሮላችሁ ድካሙ ቢመለስ «የቲቢው ነው» ተብሎ እንዳይታለፍ። እንዲሁም ቀዶ ሕክምና ሲታቀድላችሁ፣ ወይም ስትወልዱ፣ ለሐኪሙ ብቻ ሳይሆን ሰመመን ለሚሰጠው ባለሙያም ቀደም ብላችሁ ንገሩ፤ ሃይድሮኮርቲሶኑ በቀዶ ሕክምናው ወይም በምጡ ወቅት በደም ሥር ሊሰጣችሁ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናትም ከተለመደው ከፍ ባለ መጠን ቆይቶ እንደ ማገገማችሁ ሁኔታ ወደ ዕለት ልካችሁ ይመለሳል።